ንዴት ያሳጠረው ጥለት

ሰኞ

ሰረቁኝ! ለሜሮን ሠርግ ብዬ የፈጠርኩት ጥለት ዛሬ ሽሮ ሜዳ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተሰቅሎ አየሁት። አንድ ሱቅ ብቻ ቢሆን ምን አለ! የእኔው ገና ከሽመና ዕቃው ላይ አልወረደም፣ እነሱ ሸምነው ጨርሰው ይሸጡታል።

ማን እንዳወጣው ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ታናሽ ወንድሜ አሸናፊ ነው። ሁለታችንም ሸማኔ ነን፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው የምንሠራው። ባለፈው ሥራዬን በስልኩ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። "ሰው ያድንቅህ ብዬ እኮ ነው ወንድምዬ" ይለኛል። ሰው አደነቀኝ። አድንቆ ሸመነው!

አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩት። "ዓይንህን እንዳላይ" አልኩት መጨረሻ ላይ። የሜሮንን ሥራ ሊያግዘኝ የዘረጋውን ድር እንደዘረጋው ትቶ፣ ጃኬቱን አንጠልጥሎ ወጣ። ዊንጌት ጓደኛው ጋ ነው አሉ። ይሁን።

ሜሮን ያዘዘችው ማንም ላይ ያልታየ ጥለት ነው። ጨርቁን እሁድ ትወስዳለች፤ ልብስ ሰፊዋ ሳምንት ትፈልጋለች፣ ከዚያ ሠርጉ ነው። አሁን ሌላ ጥለት ከየት አባቴ ላምጣ?

ማክሰኞ

ምንም የለም።

እግሬን ከዕቃው ሥር ያለው ጉድጓድ ውስጥ ሰድጄ፣ መወርወሪያውን ይዤ ዋልኩ። የሚመጣልኝ መስቀል ብቻ ነው። ጥቂት እሠራለሁ፣ አየዋለሁ፣ መስቀል ነው። እፈታዋለሁ። ደግሞ እጀምራለሁ፣ ደግሞ መስቀል። ክሩ ተበጠሰብኝና የተጠቀለለበትን ቀሰም ከግድግዳው ጋር አላተምኩት።

ሙሉ፣ ባለቤቴ፣ ከጓዳ ብቅ ብላ "ክሩ ምን አደረገህ?" አለችኝ። የአሹን ባዶ ቦታ ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼ ለመሥራት ሞከርኩ። በሽመና ጀርባ መስጠት አይቻልም።

ረቡዕ

ሜሮን መጣች። "እንዴት እየሆነ ነው?" ስትለኝ "እየሄደ ነው" ብዬ ዋሸሁ። ዕቃው ላይ ያለውን አየች፣ እኔን አየች። "ጋሽ ዘነበ፣ ምን ሆነዋል?" አለች። ሥራዋ ሆስፒታል ቁጭ ብሎ የሰው ጭንቀት ማዳመጥ ነው፤ እሷን መዋሸት አይሆንም። ዘረገፍኩላት።

ትቆጣለች ስል ረጋ ብላ ሰማችኝ። ሰው ሲናደድ ወይ ሲፈራ አእምሮው አደጋ መጣ ብሎ የለመደውን ብቻ ይይዛል አለችኝ። አዲስ ነገር የሚመጣለት ትንሽ ፈታ ሲል ነው አለች።

"ሠርጉ የአንቺ፣ ፈታ የምለው እኔ!" አልኳት። ሳቀች። "እኔም እኮ እንቅልፍ አጥቻለሁ" አለች፤ "ግን እስከ እሁድ እጠብቅዎታለሁ።"

ከሄደች በኋላ ነገሩ ከነከነኝ። መስቀል አባቴ መጀመሪያ ያስተማረኝ ጥለት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ። ልጅቷ ልክ ሳትሆን አትቀርም፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ሐሙስ

የሐሙስ ሐሙሱ ውሃ መጣ፣ ግቢው ሁሉ ቧንቧው ጋ ተሰለፈ። ሙሉ ጀሪካኖቹን አስይዛ "ውጣና ንፋስ ይምታህ" ብላ ገፋችኝ። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ "ጀሪካኔን ሰረቁኝ!" ብለው ግቢውን አመሱት። የሁሉንም ቤት አንድ በአንድ ጠረጠሩ፣ እኔንም ጭምር። ሌባው ፀሐይ እንዳያይ ረገሙት። ኋላ የሙሉ እህት ልጅ "እትዬ፣ የተቀመጡበትስ?" አለቻቸው። ለካ ተቀምጠውበት ኖሯል!

እሳቸውም ሳቁ፣ ሰልፉም ሳቀ። እኔ ሆዴን ይዤ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከሰኞ ወዲህ ጥርሴ አልታየም ነበር። ቀና ስል የተደረደሩትን ጀሪካኖች አየሁ። ቢጫ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። አንገታቸው ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሏል፤ በእጀታቸው ቀዳዳ ብርሃን ይገባል። አቤት! ይሄ እኮ ጥለት ነው!

ወረፋውን ጥዬ ሮጥኩ። ውሃውን ሙሉ ራሷ ተሸክማ መጥታ የእርግማን መዓት አወረደችብኝ። ይገባኛል።

ዓርብ

ጠዋት እጄ ራሱ ያውቅ ነበር። ቢጫው በነጩ ላይ ሲወጣ እያፏጨሁ ነው የሠራሁት።

ቀትር ላይ ክር ልገዛ ወጣሁና በዚያ ሱቅ ደጃፍ አለፍኩ። አንዲት ሴት የእኔን ጥለት ለብሳ መስታወት ፊት ትሽከረከራለች። ደሜ ፈላ። ተመልሼ ያንኑ አዲሱን ጥለት ቀጠልኩ።

ማምሻውን ጨርቁን አጥፌ የጠዋቱን ከከሰዓቱ ጎን ባደርገው ክው አልኩ። ክሩ ያው፣ ቆጠራው ያው። የጠዋቶቹ ጀሪካኖች ቀጥ ብለው ቆመዋል። የከሰዓቶቹ እትዬ ብርቄ የተቀመጡባቸው ይመስላሉ! በንዴት እየመታሁ ማጉን አጥብቄዋለሁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢሰፉ ጥለቱ አይገጥምም። ልብስ ሰፊ አያድነውም። ፈትቼ ልሥራ ብል ደግሞ ለብቻዬ አልደርስም።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል" አለች ሙሉ፤ "እናንተ ሁለት ሸማኔዎች አንድ ቀሚስ አቃታችሁ።"

ታክሲ ይዤ ዊንጌት ሄድኩ። አሹ በሩ ላይ ሲያየኝ ደነገጠ። ብዙ ልናገር አስቤ ነበር፤ ከአፌ የወጣው "ነገ በጠዋት ና" ብቻ ሆነ። "ዓይንህን እንዳላይ አላልከኝም?" አለኝ። "አልኩ። አሁን ግን ናፈቅከኝ" አልኩት። እሱም ዓይኑን በእጁ ጠረገ። ብርዱ ነው አለ።

ቅዳሜ

ከእኔ ቀድሞ ደርሶ አገኘሁት። ጥለቱን አገላብጦ አየና "ይሄ ምንድን ነው?" አለ።

"ጀሪካን።"

"ለሙሽራ? ጀሪካን?" ጉድጓዱ ውስጥ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ።

የዓርብ ከሰዓቱን አብረን ፈታን። ከዚያ እሱ በራሱ ዕቃ፣ እኔ በራሴ። እሱ ሲመታ እሰማለሁ፣ እጄ ይከተለዋል። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ነው የምንሠራው፤ ለካ አንዳችን ያላንዳችን ልኩ ይጠፋናል። ስንለካው የእሱም የእኔም ጣት በጣት ገጠመ።

"ሳልጠይቅህ ማንሳት አልነበረብኝም" አለኝ፣ ዓይኑን ከክሩ ሳያነሳ።

"አልነበረብህም" አልኩት። ፀሐይ ሳትገባ ጨረስን።

እሁድ

ሜሮን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መጣች። ዘረጋንላት። ጥለቱን በጣቷ ተከተለችው።

"ቆንጆ ነው። ምንድን ነው?" አለች። አሹ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እውነቱን ነገርኳት። "ጋሽ ዘነበ፣ እኔ እኮ ጀሪካን ተሸክሜ ነው ያደግኩት!" ብላ ሳቋን ለቀቀችው። ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አላወርድም አለች።

ከዚያ "ፎቶ ልነሳበት?" አለች። አሹ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

"አሹ፣ አንተ አንሳት" አልኩት።

ቸኩሎ ሲጫን የመጀመሪያው ደብዝዞ ወጣ። ሁለተኛው ደህና ነው። እስከ ሠርጉ ለማንም አላሳይም ብሎ በእናታችን ስም ማለ።

ከሠርጉ በኋላ ሽሮ ሜዳ ሁሉ ጀሪካን ቢሸምን ምን እንደምሆን አላውቅም። መናደዴ አይቀርም፣ ራሴን አውቃለሁ። ሐሙስ ግን ውሃ ይመጣል። ወረፋውን እኔ ነኝ የምይዘው ብያታለሁ ሙሉን።