ከቃሬዛው ጎን የሄዱት የሲስተር ፈንታነሽ ደምሴ የሕይወት ታሪክ

ሲስተር ፈንታነሽ ደምሴ ከአባታቸው ከአቶ ደምሴ በላይነህ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጌጤ ሞላ፣ በደቡብ ጎንደር ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ በምትገኘው በወይራ አፋፍ መንደር፣ መስከረም 21 ቀን 1988 ዓ.ም. ተወለዱ። ከእርሳቸው በፊት የተወለደው ወንድ ልጅ በኩፍኝ ስለ ሞተ፣ እናታቸው ፈንታነሽ አሏቸው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ ስምንተኛ ክፍል በመንደራቸው ተማሩ። ሁለተኛ ደረጃን በደብረ ታቦር ሲማሩ ከጓደኞቻቸው ጋር ቤት ተከራይተው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሱ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ሰኔ 2010 ዓ.ም. በነርስነት ሙያ በዲግሪ ተመረቁ። በዚያ ቀን አባታቸው ጋቢያቸውን አጣፍተው "ከእንግዲህስ አልሞትም፤ ሐኪም ወልጃለሁ" ብለው ጎረቤቱን ሁሉ አሳቁ። ሲስተር ተብለው መጠራት የጀመሩትም ያን ዕለት ነው።

ሥራው ግን አልመጣም። የተመረቀው ብዙ፣ የሚቀጥረው ጤና ጣቢያ ጥቂት ስለ ነበር ቅጥሩ በዕጣ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. ዕጣ ሲያወጡ ባዶ ወረቀት ደረሳቸው። ከዚያ አንበሳሜ ከተማ በአንድ የግል ክሊኒክ ጥቂት ሠርተው፣ ክሊኒኩ ሲዘጋ ወደ ወላጆቻቸው ቤት ተመለሱ። ገበያ የሚወርደው ሁሉ "ፈንታዬ፣ መንግሥት ረሳሽ ወይስ አንቺ ረሳሽው?" እያለ ሲቀልድባቸው፣ አብረው ይስቁና ቤት ገብተው ይቀመጡ ነበር።

ጋብቻን በተመለከተ፣ የመንደራችን ትምህርት ቤት አስተማሪ መምህር ሀብታሙ ሽማግሌ ልከውባቸው ነበር። "ደመወዝ ይዤ እንጂ እጄን አጣጥፌ ሰው ቤት አልገባም" ብለው መለሱ። መምህሩ ጠብቀው ጠብቀው ሌላ አገቡ።

ወይራ አፋፍ መኪና ስለማይገባባት፣ የታመመን ሰው እስከ ዋናው መንገድ በትከሻ የሚያደርስ የቃሬዛ ማኅበር አላት። ሲስተር ፈንታነሽ ቤት ከተቀመጡ ጀምሮ አንድም ታማሚ ያለ እርሳቸው አልሄደም። ከቃሬዛው ጎን እየሄዱ፣ ምጥ የያዛትን እጇን ይዘው፣ የሚደማውን በነጠላቸው አስረው፣ መኪናም ሲገኝ አብረው ተሳፍረው እስከ ሆስፒታል በር ያደርሱ ነበር። በሩ ላይ አስታማሚ አንድ ብቻ ሲባል፣ የሚገባው የታማሚው ዘመድ ነውና እርሳቸው ውጭ ይቀራሉ። የማኅበሩ ዳኛ አቶ አያሌው "ሲስተር ካልመጣች ቃሬዛው አይነሣም፤ እኛ በሬዎች ነን፣ ነጂዋ እርሷ ናት" ይሉ ነበር።

ጥር 2015 ዓ.ም. እንደገና ዕጣ ወጣ፤ አሁንም ባዶ ደረሳቸው። በዚያው ዓመት የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት ንግሥ፣ ቄስ ጥበቡ እንደ ልማዱ የገባውን ስለት ለሕዝቡ ሲያሰሙ፣ አንድ ጃንጥላ ከፍ አድርገው "ይህ የወይራ አፋፍ እናቶች ስለት ነው። ልጃችን ፈንታነሽ ዕጣ ወጥቶላት ሩቅ አገር እንዳትሄድብን ብለው ተስለው ሠምሮላቸዋል። እልል በሉ!" አሉ። ሴቱ ሁሉ እልል አለ። ወይዘሮ ጌጤም የልጃቸውን ስም ብቻ ሰምተው እልል ብለው ነበር፤ ነገሩ ሲገባቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። ሲስተር ፈንታነሽ ደጀ ሰላሙን ተሳልመው ወደ ቤት ሄዱ። እናታቸው ሲያለቅሱ "ተይ እማ፣ ወድደውኝ ነው" አሏቸው።

ስለቱን ያስገቡት እናቶች ዛሬ እዚህ ለቅሶው ላይ አሉ። ቤተ ሰቡ ማንንም አይወቅስም፤ ክፉ ሐሳብ እንዳልነበራቸው ያውቃል። ነገር ግን ሲስተር ፈንታነሽ ከዚያ ወዲህ ለቅጥር አልተመዘገቡም። በ2016 ዓ.ም. ማስታወቂያ ወጥቶ አባታቸው "ተነሺ እንጂ ልጄ" ቢሏቸው፣ "አባ፣ ከሰው ጋር ቢሆን እወዳደር ነበር፤ ከኪዳነ ምሕረት ጋር ምን አቅም አለኝ?" ብለው ቀሩ። ቃሬዛው ሲነሣ ግን አብረው መሄዳቸውን አልተዉም።

ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ሆዳቸውን በቀኝ በኩል አመማቸው። ትርፍ አንጀት መሆኑንና ቶሎ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ራሳቸው ተናገሩ። በዚያ ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ስለ ነበር መኪና አልተገኘም። ማኅበሩ እስከ ደብረ ታቦር ድረስ በትከሻው ተሸከማቸው። አቶ አያሌው "ሲስተር፣ ምን እናድርግ?" እያሉ ሲጠይቁ፣ "ቀስ በሉ፣ አታንገጫግጩኝ፣ ውኃም አትስጡኝ" ይሏቸው ነበር። ከዳገቱ በኋላ ሲጠይቋቸው አልመለሱም። ሆስፒታል ሲደርሱ ትርፍ አንጀታቸው ፈንድቶ ነበርና፣ ሐኪሞቹ ቢደክሙም ግንቦት 12 ቀን በ29 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሲስተር ፈንታነሽን አባታቸው፣ እናታቸው፣ ወንድማቸው ይሻው እና እኅታቸው እመቤቴ ቀብረዋቸዋል። እመቤቴ የነርስነት ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። አስከሬኑን ተሸክመው የመጡት የማኅበሩ ሰዎች፣ ሊያጽናኑን ብለው "አይዟችሁ፣ ከእንግዲህ ከጎናችን የምትሄደው እመቤቴ ናት" አሉን። የቤተ ሰቡ መልስ ይህ ነው። ስለ ፍቅራችሁ፣ ስለ ትከሻችሁም እግዚአብሔር ይስጥልን። ለእመቤቴ የምትሳሉላት ካላችሁ ግን፣ እባካችሁ፣ ዕጣ ወጥቶላት እንድትሄድ ተሳሉላት።

የእኅታችንን የፈንታነሽን ነፍስ አምላክ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለአባታችንና ለእናታችን የሚችሉበትን ጉልበት ይስጥልን። አሜን።