አንድ በሬ ያላት ባለሀብት

ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
አምበር

ለተከበሩ የማዳበሪያ ፈላጊዎች የኦንላይን ምዝገባ ቅጽ አዘጋጅ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። በዚህ ክረምት ጭቃው ጫማዎን፣ ብርዱም ጤናዎን እንዳልነካብዎ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኛ በአምበር ዙሪያ የምንኖር ሰዎች እርስዎ ደኅና ከሆኑ የቀረው ቀስ ብሎ ይደርሳል ብለን ተቀምጠናል።

አንተነህ እባላለሁ፣ ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ መምህር ነኝ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ፈንታዬ ባላቸው የሞተባቸው፣ አራት ጥማድ መሬትና አንድ በሬ ያላቸው ሴት ሲሆኑ፣ በሬያቸውን ምናለ ከሚባለው ጎረቤታችን በሬ ጋር በመቀናጆ አስጠምደው ያሳርሳሉ። ዘንድሮ ማዳበሪያ በስልክ ካልተመዘገቡ አይገኝም ሲባሉ፣ ፊደል ቆጥሯል ብለው እኔን አምነው መጡ። ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ቤት ቁጥር። በእኛ መንደር ቤት የሚታወቀው በባለቤቱ ስም ነው፤ ቅጽዎ ግን ያለ ቁጥር አላሳልፍም ስላለኝ 1 ብዬ ሞላሁ። በቀይ ቀለም «ስህተት አለ» አለና፣ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ሳይነግረኝ የሞላሁትን ሁሉ አጠፋው። ስም፣ የአባት ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። በአራተኛው ሙከራ 1 ቁጥርን ሌላ ሰው ቀድሞ እንደ ያዘው ገባኝ፤ በስተመጨረሻም ወይዘሮ ፈንታዬን 213 ቁጥር ቤት አስገባኋቸው። ከእኛ በፊት ስንት ጎረቤት እንዲሁ ሲዋሽ እንደዋለ ስላሳወቁን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ስለ መሬት ስፋት። ቅጽዎ «የመሬት ስፋት» ይልና ባዶ ሳጥን ያሳያል፤ ከጎኑ ሌላ ምንም የለም። እኛ መሬት የምንቆጥረው በጥማድ ነው፤ አራቱ ጥማድ አንድ ሄክታር ይሆናል። ወይዘሮ ፈንታዬ አራት አሉኝ፣ እኔም 4 ጻፍኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መለኪያ ላልጻፈ ተማሪ ዜሮ ስሰጥ ኖሬ፣ ያን ዕለት ራሴ ወደቅሁ። በቤት ቁጥር ያን ያህል ሲቆጣ የዋለው ቅጽዎ ይህን ስህተት በአረንጓዴ ምልክት ተቀበለው። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ፈንታዬ የአራት ሄክታር ባለሀብት ስለሆኑ ንግድ ፈቃድ እንዲያቀርቡ በመልእክት ተጠየቁ። በአንድ በሬ ባለሀብት መሆን እንደሚቻል ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

ሦስተኛ፣ ስለ ማረሚያ። የለም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለእርስዎ ቅጽ ሳይሆን አይቀርም፤ «ላክ» የሚለውን ከነኩ በኋላ የሞሉትን መልሶ ማየትም ሆነ ማስተካከል አይቻልም። ቅጽዎ ሲመጣ በጡረታ የተሸኙት መዝጋቢያችን አቶ ኪዳነ ማርያም፣ ሰው ቁጥር በነገራቸው ጊዜ ሁሉ በጥማድ ነው በሄክታር ብለው ሳይጠይቁ አይጽፉም፣ የጻፉትንም ጮክ ብለው ሳያነቡ በጣት አያስፈርሙም ነበር። ለዚህ ሁሉ ያስፈለጋቸው አንድ እስክሪብቶ ነው።

ንግድ ፈቃድ ስለሌላቸው ማዳበሪያው ተከለከለ፤ ጤፉም ያለ ማዳበሪያ ተዘራ። ዛሬ ከምናለ ማሳ አጠገብ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ወይዘሮ ፈንታዬ አልወቀሱኝም፤ አንተ ምን አጠፋህ ብለው መረቁኝ። ከዚያ ወዲህ በደጃቸው ማለፍ እያፈርኩ በታችኛው መንገድ እዞራለሁ። ስማቸው ከባለሀብቶች መዝገብ ካልወጣ ለከርሞም ማዳበሪያ የለም፤ ያኔ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ከገዛ ማሳቸው ግማሹን እህል ሲጠብቁ ሊኖሩ ነው። ስለዚህ የእርሳቸውን 4 ወደ 1 እንዲቀይሩልኝ፣ ከሳጥኑም ጎን «በሄክታር» የምትል አንዲት ቃል እንዲጽፉ በትሕትና እለምናለሁ። መጻፉ ከከበደዎ አቶ ኪዳነ ማርያም እስክሪብቶውን አልጣሉትም።

ለቅጽዎ ረጅም ዕድሜ ከመመኘት የተቆጠብኩ፣ እርስዎን ግን ከልብ የማከብር፣

አንተነህ
የቤት ቁጥር 214 (ካልተያዘ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ የወይዘሮ ፈንታዬ መልእክት የሚመጣው በእኔ ስልክ ነውና፣ ደብዳቤውን ስጨርስ ከክፍልዎ አንድ አዲስ መልእክት መጣ፤ «ክቡር ባለሀብት፣ የቅጻችንን ምቹነት ከ1 እስከ 5 ባለው ቁጥር ይመዝኑልን» ይላል። በእርሳቸው ፈቃድ 1 ሞልቻለሁ። መለኪያው ስላልተጻፈ በጥማድ ይያዙልን።