የወንድሜን ላፕቶፕ ስላጠመቁልኝ

ጉለሌ፣ ከቁስቋም ማርያም ቁልቁል

ለተከበሩ አቶ አጥናፉ
የዳገት ሰፈር መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ፣ የደም ግፊትዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰፈሩን ሰው ነፍስ ሲጠብቅ ብዙ የደከመው ልብዎ እንዴት ሰንብቷል? እናቴና እኔ ከሐዘናችን በቀር ደህና ነን፤ ቤታችንም እርስዎ ባስገኙልን ጸጥታ ተሞልቷል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ለብቻዎ ልነግርዎ ሞክሬ ስላልሆነልኝ ነው። በርዎን ሳንኳኳ ጸሎት ላይ ነዎት፣ ስብሰባ ላይ እጄን ሳነሳ አጀንዳው ሞልቷል፣ መንገድ ላይ ሳገኝዎ ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «በርቺ ልጄ» ብለውኝ ያልፋሉ። እኔም በርትቼ ይኸው ጻፍኩ።

ሌላ አንባቢ ግራ እንዳይገባው ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ታናሽ ወንድሜ ዮፍታሔ ኩላሊቱን ታሞ ብዙ ከቆየ በኋላ ባለፈው ጥቅምት ዐረፈ። በቀብሩ ማግስት፣ እኔ ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛ ሳስተናግድ፣ እርስዎ ከእንጦጦ ማርያም የመጣ ጠበል በሃይላንድ ይዘው ወደ ክፍሉ ገቡ። ልጁን የበላው የሚሰማው ዘፈን ነው ብለው ጊታሩን፣ ስፒከሩን፣ በመጨረሻም ቻርጅ ላይ የነበረውን ላፕቶፑን አጠመቁ። ላፕቶፑ ተንጣጣ፣ ጨሰ፣ ጠፋ። እርስዎም ወደ ድንኳኑ ተመልሰው «ወጥቷል፣ ጭሱን ያየ አይቷል» ብለው ለለቀስተኛው አበሰሩ። እውነትም ወጥቷል። የወጣው ግን ወንድሜ ነው፤ ቤታችን ውስጥ የተቀዳ ድምፁ ያለው እዚያ ብቻ ነበር።

ከጠበሉ ጋር ጠብ የለኝም፤ ያደግኩበት ነው። ላፕቶፕ ውስጥ ልግባ ብሎም አልጠየቀም። ጉዳዬ ከእርስዎ ጋር ስለሆነና እርስዎም ሥርዓት ስለሚወዱ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ወንድሜ ዘፈን። ዮፍታሔ ይሰማው የነበረው ፓወር ሜታል ይባላል። ጩኸት መሆኑን ከእኔ በላይ የሚመሰክር የለም፤ ከአንድ ስስ ግድግዳ ማዶ አብሬው አድጌያለሁ። ከበሮው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው፤ ዘፋኙ ደግሞ ጣቱን በር እንደያዘው ሰው ከላይ ይጀምርና ከዚያም ወደ ላይ ይወጣል። ሰይጣን ግን የለበትም። ዮፍታሔ ግጥሞቹን እየተረጎመ ያነብልኝ ስለነበር ታሪኩን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ አንድ ፈረሰኛ አለ፣ አንድ ዘንዶ አለ፣ ጨለማው ይመጣል፣ ፈረሰኛው ይጸናል፣ ዘንዶው ይሞታል፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይዘፍናሉ። እርስዎ «አውሬ ለብሶ ይዞር ነበር» ብለው በለቅሶ መካከል የከሰሱት ቲሸርት ላይ ያለውም ይኸው ነው፤ ፈረሰኛው ዘንዶውን በጦር ይወጋዋል። ሰማዕቱን ከዘፈን ጋር ላወዳድር አልደፍርም፤ ነገር ግን ሳሎንዎ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ የሰቀሉትን የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል አንድ ጊዜ ቀና ብለው ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል። እዚያም ዘንዶ አለ፤ አውሬ ሰቅለዋል ብሎ የከሰሰዎት ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ዮፍታሔ ከኩላሊት እጥበት ሲመለስ ይህን ዳገት ለመውጣት ሦስትና አራት ጊዜ ይቀመጥ ነበር። ቤት ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ያንን ጩኸት መክፈት ነው። ለምን ትንሽ አታርፍም ስለው «ሮሐ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ለመሸነፍ ጊዜ የላቸውም» አለኝ። ልጁን የበላው ይህ ነው ካሉ፣ ሲበላው አልነበሩም።

፪ኛ. ስለ እኔ ዘፈን። እኔ የምወደው ካንትሪ ነው፤ ያውም በየሆቴሉ ከሚከፈተው ከድሮው ይልቅ የአሁኑን። የአሁኑ ካንትሪ ስለ ፒካፕ መኪና፣ ስለ ገጠር መንገድ፣ ስለ ቢራ፣ ስለ ሄደች ሴት፣ ከዚያም እንደገና ስለ ቢራ ነው። ለምን ትወጂዋለሽ ቢሉኝ፣ ዘፋኙ የደረሰበትን ነገር ሳያሳምር በሦስት ደቂቃ ተናግሮ ዝም ስለሚል ነው፤ እኔ በዚህ ደብዳቤ ያቃተኝ እሱ ነው። ይህንን ዘፈኔን እርስዎ አንድም ቀን ነቅፈውት አያውቁም። እንዲያውም በአጥር በኩል «ይቺ ለስላሳዋ ጥሩ ናት፣ መንፈስ ታረጋጋለች» ብለው አመስግነውኛል። በዚያች ለስላሳ ዘፈን ውስጥ ሰውየው ሚስቱን ጥሎ ከመጠጥ ቤት ካገኛት ሴት ጋር እየሄደ እንደነበር በጊዜው ባለመንገሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በእርስዎ ሚዛን ከሄድን መጠመቅ የነበረበት የእኔ ስልክ ነበር።

ዮፍታሔ ካንትሪ አይወድም፤ «የመኪና ማስታወቂያ» ነበር የሚለው። ስፒከራችን አንድ ስለሆነ ቅዳሜ የእሱ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የእኔ ነበር። በእኔ ቀን ግን ጊታሩን ይዞ እየመጣ፣ እያላገጠብኝ፣ የምወዳቸውን ዘፈኖች ሁሉ አንድ በአንድ ለመዳቸው። የማይወደውን ነገር ለእኔ ሲል በደንብ ቻለበት።

፫ኛ. ስለጠፋው። ባለፈው ዓመት አንድ ዘፈን እየሠራ ነበር። ከእኔ ካንትሪዎች አንዱን ወስዶ በፓወር ሜታል፣ በአማርኛ ግጥም፣ በራሱ ድምፅ። ፒካፑን በፈረስ እንደቀየረውና መሐል ላይ ዘንዶ እንደጨመረበት ነግሮኛል፤ ሳላጠናቅቅ አላሰማሽም ብሎ ግን ከለከለኝ። ያጠናቅቀው አያጠናቅቀው አላውቅም። በስልኩ የቀዳውን ሁሉ «ድምፄ ቆርቆሮ ይመስላል» እያለ ያጠፋው ስለነበር፣ የቀረው ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ ነበር። ሽሮ ሜዳ ኮምፒውተር የሚጠግነው ጓደኛው ፈድሉ ላፕቶፑን ፈታታው፣ አደረቀው፣ ሩዝ ውስጥ ሳይቀር ቀበረው። ሲመልስልኝ ዓይኔን ማየት ከብዶት «ሮሐ፣ በቃ፣ የሚነበብ ነገር የለውም» አለኝ። ሁለተኛ ቀብር መሆኑ ነው፤ ለዚህኛው እድሩ ድንኳን አልተከለም።

፬ኛ. ለድንኳኑ፣ ለወንበሮቹና ለሳህኖቹ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና ውስጡ ምንም አሽሙር የለበትም።

፭ኛ. ዋናው ጉዳዬ። ልጅዎን የዓለምወርቅን ሲድሩ፣ ዮፍታሔ ገና ጤነኛ ሳለ፣ እርስዎ ራስዎ ቤታችን ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ያቺን ለስላሳዋን ለሙሽሮቹ አዚምልኝ» አሉት። ባርኔጣ ተውሶ፣ ጊታሩን አንግቶ መጣና ዘፈነ። ቪዲዮ አንሺውም ቀርጾታል። ላፕቶፑ ከሞተ በኋላ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው የወንድሜ ድምፅ በእርስዎ ቤት፣ በልጅዎ የሠርግ ቪዲዮ ውስጥ ያለው ብቻ መሆኑን ሳስታውስ ቅጂውን እንዲሰጡኝ ለመንኩ። መልሱን ግን በእድሩ ጥሩምባ ነፊ በአቶ ታረቀኝ በኩል ላኩልኝ፤ ዘፈኑ ያለበት ክፍል «ለቤተሰቡ ሰላም ሲባል» ተቆርጦ ወጥቷል። መንፈስ ያረጋጋ የነበረው ዘፈን መንፈስ የሚያስገባ የሆነው በየትኛው ስብሰባ እንደተወሰነ ቃለ ጉባኤው ላይ ፈልጌ አጣሁት።

አቶ አጥናፉ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ አለቀብኝ። እናቴ እርስዎን አልተቀየመችም፤ እንዲያውም ለቤቷ በጎ እንዳደረጉ ታምናለች፤ እኔም ላፕቶፑ ውስጥ ምን እንደነበረ ልነግራት አልቻልኩም። ነገር ግን ከሰዓት ከሰዓት የክፍሉን በር ከፍታ ትቆማለች። ዕድሜ ልኳን «ዮፍታሔ፣ ቀንሰው» ስትል የኖረች ሴት፣ አሁን የምትቀንሰው ነገር አጥታ ቆማ ትጠብቃለች። የምንፈልገው ይቅርታዎን አይደለም፤ አዲስ ላፕቶፕም አይደለም። ያልተቆረጠ ቅጂ የትም ቢሆን ካለ ይስጡን። ሌላ የለንም።

ከዘንዶና ከከበሮ ለሚጠብቁን፣ የሟችን ነፍስ ከላፕቶፑ ጋር አብረው ለሚያሳርፉ፣ በሰፈራችን ውስጥ ከራስዎ ድምፅ በቀር ከፍ ያለ ድምፅ እንዳይሰማ ለሚተጉት ለእርስዎ ረጅም ዕድሜና ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ልጅዎ፣ ጎረቤትዎና የእድርዎ አባል
ሮሐ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የዓለምወርቅ መጣች። ቪዲዮውን ሳይቆረጥ በስልኳ አስቀምጣው ኖሯል፤ እባክዎ አይቆጧት። ከእናቴ ጋር ተቀምጠን አየነው። ዮፍታሔ ባርኔጣው ሰፍቶት ጆሮው ላይ ወድቆ፣ እኔን እያየ እየሳቀ ያንን የመኪና ማስታወቂያውን ይዘፍናል። ሲጨርስ ከካሜራው አጠገብ አንድ ትልቅ ሰው እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ «ልጄ፣ ድገመው» ይላሉ። እርስዎ ነዎት። እሱም እሺ ብሎ ደገመው፤ ስለዚህ በእርስዎ ትእዛዝ የወንድሜ ድምፅ ሁለት ጊዜ ተርፎልናል። እናቴ ቪዲዮው ባለቀ ቁጥር እንደ እርስዎ «ድገመው» ትለኛለች፣ እኔም እደግመዋለሁ። መስማት ካማረዎ በራችን ክፍት ነው፤ ሃይላንዱን ብቻ ደጅ ይተዉልን።