አባባ አውቶቡስ ውስጥ የሰጠሽ መልስ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ነሽልኝ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? የሌሊት ፈረቃው ቀረለት ወይስ አሁንም እናንተ ስትነሱ ነው የሚተኛው? ሚጢስ? ጥርስ አወጣች? ባለፈው በላክሽው ፎቶ ላይ አፏን ገጥማ ስለነበር እማማ መነጽሯን አድርጋ ብታይ ብታይ ማወቅ አልቻለችም። እኛ ደህና ነን። ሰው ሲጠይቀን ደህና ነን እንላለን። አዲሱን ቤት እየለመድነው ነው። ሁለት ክፍል ስለሆነ እማማ እኔን ለመጥራት ድምፅ ማውጣት አያስፈልጋትም፤ ግን አሁንም በድሮው ድምፅ ትጣራለች።

ለምን በስልክ አልጻፈልኝም ትይ ይሆናል። በስልክ ስጽፍልሽ «እሺ» ብለሽ ትመልሺና ያልቃል። ደብዳቤ ግን «እሺ» ተብሎ አይዘጋም ብዬ ነው። ደግሞም የምነግርሽ ነገር ረጅም ነው።

እታለም፣ የአባባ የሙዚቃ ሸክላዎች ከተሸጡ ጀምሮ ደውለሽልን አታውቂም። እማማ አንድም ቀን አማርራ አልሰማኋትም፤ ስልኩን ግን ልብስ ስታጥብ እንኳን ከአጠገቧ አታርቀውም። ያኔ ቤት ልንቀይር ስንል «የአባትሽን ሸክላዎች ምን እናድርጋቸው?» ስትልሽ ያልሽውን እኔም ሰምቻለሁ፣ ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር። «የኔን አንድ ቀን ሳይሰማ ሞተ፤ የሱን እኔ ምን ላደርገው ነው? ሽጡት። ከእንግዲህ ስለ ጃዝ ማንም እንዳያነሳብኝ» አልሽ። አልፈረድኩብሽም። ስንት ምሽት ተቀምጠሽ እሱ በሸክላና በካሴት የሚሰማቸውን ሙዚቃዎች በአዲስ የጠራ ቅጂ መርጠሽ፣ በየአንዳንዱ ፊት በራስሽ ድምፅ ለምን እንደወደድሽው ተናግረሽ፣ ያን ሁሉ በአንድ ፍላሽ አድርገሽ በሰው ላክሽለት። እሱ ደግሞ «ሰማኸው ወይ?» ስትይው «እያየሁት ነው» ብሎ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ። እኔም ፍላሹን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ሲከት አየሁ፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ቤታችን ውስጥ ፍላሽ የሚያጫውት ነገር እንደሌለ ታውቂያለሽ። ስልኬን አልጠየቀኝም፣ እኔም አልሰጠሁትም። የሆነ መሳቢያ ውስጥ ጥሎታል ብዬ ደመደምኩ።

እና ሸጥናቸው። የመጣው የድሮ ዕቃ ነጋዴ ክፉ ሰው አይደለም። ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሸክላውን በጠርዙ ይዞ ወደ ብርሃን ዘንበል እያደረገ ሲያይ ልክ አባባን ሆነብኝና ወደ ውጭ ወጣሁ። ማጫወቻውንም ወሰደው። ካሴቶቹን ግን «ዛሬ ካሴት ማን ይገዛኛል፣ የእኔ እናት?» ብሎ ትቷቸው ሄደ፤ እነሱ አልጋዬ ስር አሉ።

ከሳምንት በኋላ የአባባ ቲኬት ቆራጭ መጣች። ታስታውሻታለሽ፣ ረጅሟ፣ ስትስቅ አፏን በቲኬት ጥራዙ የምትሸፍነው። አባባ ከሞተ በኋላ ወደ ሌላ መስመር አዛውረዋት፣ አባባ ይነዳው የነበረው አውቶቡስም ጋራዥ ገብቶ ቆይቶ ነበር። ሲወጣ እሷም ወደ ድሮ ቦታዋ ተመለሰችና የሬዲዮው ቀዳዳ ላይ የተሰካ ፍላሽ አገኘች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና «ልጅቷን አመጣሁላችሁ» አለች። አልገባንም። «የጋሼን ልጅ ነዋ! የምትናገረዋን!» አለች።

እታለም፣ አባባ ያንን ፍላሽ ከተላከለት ቀን ጀምሮ ሲሰማው ነው የከረመው። አውቶቡሱን መነሻው ላይ አቁሞ ሰዓቱ እስኪደርስ ሲጠብቅ ሞተሩን ያጠፋና አንድ ሙዚቃ ይከፍታል። መጀመሪያ አንቺ ትመጫለሽ፤ «አባባ፣ አትቆጣ እንጂ፣ እስቲ ይሄንን ስማው» ትያለሽ። ቀጥሎ ሙዚቃው። ካለቀ በኋላ አባባ ወደ ተሳፋሪው ዞሮ ይሟገትሻል፤ «እዚህ ጋ ልጄ ተሳስታለች» ብሎ ይጀምራል። መጀመሪያ ሰዉ ይስቅበት ነበር አለች። እያደር የዘወትር ተሳፋሪዎቹ ወገን ለዩ። ጠዋት ሲገቡ ሰላምታቸው «አባባ፣ አትቆጣ እንጂ!» ሆነ። እሱም «ግቡ፣ ግቡ፣ ጠበቆቿ ሁላ!» ይላቸዋል።

ቲኬት ቆራጯ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ለሷ ለምን አይነግሯትም?» ብላው ነበር። «ሳልጨርስ ምን ብዬ? ልጄ ሙሉ አድርጋ ነው የላከችልኝ፤ በቁንጽል አልመልስላትም። ደሞ በስልክ ስለ ድምፅ መከራከር በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። ስትመጣ ፊት ለፊት እንገጥማለን» አላት።

ይህን ስሰማ እማማን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሸክላዎቹ ከቤት ከወጡ ገና ሳምንታቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስወጣ በአባባ አውቶቡስ መሄድ ጀመርኩ። አዲሱ ሾፌር ወጣት ነው፤ ሬዲዮው ላይ ኳስ ብቻ ነው የሚከፍተው። ሰዎቹን አንድ በአንድ እየፈለግሁ «አባቴ ለእህቴ ምን ብሎ ነበር የመለሰላት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እኔ ስለ ጃዝ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ የነገሩኝን እንዳለ ነው የምጽፍልሽ።

አፍንጫው የታፈነ የሚመስለውን ትራምፔት፣ እናንተ «ጉንፋኑ» የምትሉትን፣ የሚያስታውሰው ከዘወትር ተሳፋሪዎቹ አንዱ፣ ልብስ ሰፊው ነው። አንቺ በፍላሹ ላይ «ጥርት ብሏል፣ አጠገቤ የቆመ ይመስላል» ብለሻል። አባባ ደግሞ «ጥርት አለ? አጥበው አስጥተውታል እንጂ! በኔ ሸክላ ሰውዬው ከመንፋቱ በፊት አየር ሲስብ ይሰማል። ሳይተነፍስ የሚነፋ ሰው ነው ወይስ ጎማ?» አለ። ልብስ ሰፊው ግን ካንቺ ጋር ነበር። «ሾፌር፣ ጥሩ ልብስ ስፌቱ አይታይም» ሲለው አባባ «ለዚህ ነዋ አንተ የሰፋኸው የሚተረተረው፣ የት ጋ እንደሰፋኸው ራስህም አታውቀውም!» ብሎት አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ አሉ። ልብስ ሰፊው ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ጀምሮ መጨረሻ ላይ በመስኮት ማየት ጀመረ።

ሕዝብ ፊት የተቀረጸው ፒያኖ ላይ ግን ምስክሮቼ ተጣሉብኝ። ጥግ ላይ የምትቀመጠው ነርስ አባባ እንዳልወደደው ትናገራለች። ካሴቱ ላይ መሀል ላይ ብርጭቆ ሲሰበር ይሰማል፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ይስቅና በዚያው ሳቅ ይቀጥላል። አንቺ የላክሽው ላይ ብርጭቆው ተቆርጦ ወጥቷል፤ «ታዲያ በምን ሳቀ?» አለ ትላለች። ዳኛዋ ደግሞ የለም፣ ወዶታል ትላለች። ዳኛዋ የምንላት አትክልት የምትሸጥ ሴትዮ ናት፤ ሁልጊዜ ቅርጫቷን ታቅፋ ከሾፌሩ ኋላ ስለምትቀመጥ ፍርድ የምትሰጠው እሷ ነበረች። ሁለቱም ይምላሉ። እኔ አልጋዬ ስር ያለውን ካሴት በትምህርት ቤት ጥበቃው ቴፕ ሰማሁት። ብርጭቆው አለ። ወዶት ይሁን አይሁን ግን ካሴቱ አይነግረኝም።

ብዙውን አልተቀበለልሽም፣ እታለም። አንቺን ደስ ለማሰኘት ብዬ ሁሉን ወዶታል ብልሽ ውሸት ነው። ዳኛዋ ራሷ አንድ ቀን «ልጅህ ልክ ናት፤ አንተ ግን ስትሳሳት ደስ ትላለህ» ብላዋለች። ግን አንድ ሙዚቃ አለ፤ ይሄን ለመጻፍ ነው ከላይ ያለውን ሁሉ የጻፍኩት።

ረጅሙን ነው የምልሽ። በሸክላው አንድ ገጽ ላይ አይበቃም፤ ግማሹ በፊት፣ ግማሹ በጀርባ ነው። ድራሙ ብቻውን ሲቀር ገጹ ያልቃል፤ አባባ ተነስቶ ይገለብጠዋል፤ ድራሙ እንደገና ይነሳል። ልጆች ሆነን አጠገቡ አስቀምጦን እጁን ከፍ አድርጎ «እዚህ ጋ ያርፋሉ። ማረፍ የማያውቅ መጫወት አያውቅም» ሲለን ትዝ ይልሻል። አንቺ ደግሞ ፍላሹ ላይ «አባባ፣ አትቆጣ እንጂ፣ እዚህ ጋ ዕረፍት የለም። ያለቀው ሸክላው ነው፣ እነሱ አላረፉም» ብለሽዋል።

ያን ቀን አባባ ረጅሙን ከፈተው። ያ ቦታ ሲደርስ እንደ ልማዱ እጁን አነሳ። ድራሙ ግን አላቆመም፤ ቀጠለ። «እጁ አየር ላይ ቀረ» አለችኝ ዳኛዋ። የመነሻ ሰዓት አለፈ። አንዱ ከኋላ «ሾፌር፣ ሰዓት!» ሲል ልብስ ሰፊው «ዝም በል፣ ሰውዬው ክርክር ላይ ነው» አለው። ሙዚቃው ሲያልቅ አባባ «ለካ አላረፉም» አለ። ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። መብራት ይዞት ሲቆም ግን መሪው ላይ ተደፍቶ እስኪያነባ ሳቀ። «ስንት ዓመት ሙሉ ራሴ እየተነሳሁ እየገለበጥኩ እነሱ አረፉ እላለሁ! ረታችኝ። ይቺ ልጅ ረታችኝ። ይሄንን ግን በስልክ አልነግራትም፣ ፊቷን ማየት አለብኝ» አለ።

የዚያን ዕለት ማታ ቤት ነበርኩ። ከሥራ እንደገባ ረጅሙን አጫወተው። ገጹ አለቀ፤ መርፌው መጨረሻው ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ አባባ አይነሳም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሸክላው ሲዞር ያያል። እማማ ከወጥ ቤት «ኧረ አልቋል፣ ገልብጠው እንጂ!» አለች። ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ውሎ ደክሞት ነው ብዬ ተነስቼ ገለበጥኩለት። አየኝና «ስማ፣ አንተ…» አለ። ከዚያ ደብተሬን አየና «ተወው፣ ጥናትህን አጥና» አለኝ። በነጋታው ፈተና ነበረብኝ፤ ስለተወኝ ደስ አለኝ። በዚያው ሳምንት ነው ጠዋት አውቶቡሶቹ ከሚያድሩበት ግቢ ልቡ ቆሞ የወደቀው። የፈተናው ውጤት ጥሩ ነበር። «ምን ልትለኝ ነበር?» ብዬ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ግን ያን ሳቅ እኔ አየው ነበር፤ በሰው አፍ የሰማሁትን ሳይሆን በራሴ ዓይን ያየሁትን እነግርሽ ነበር።

ረጅሙን ልልክልሽ አስቤ ነጋዴው ጋ ሄጄ ነበር። ተሸጧል። ገዢውን አያውቀውም፤ መንገደኛ ነው አለኝ።

ፍላሹን አልልክልሽም፣ አትቀየሚኝ። ሙዚቃዎቹ ሁሉ አንቺ ጋ አሉ፤ እኛ ጋ ግን ድምፅሽ የለም። ስልኬ ላይ ገልብጬው እማማ ማታ ማታ ትሰማዋለች። ጃዝ አትወድም፤ «እሱን ዝለለውና ልጄ የምትናገርበትን አምጣ» ትለኛለች። ሁሉንም ከሰማች በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው ታስጀምረኛለች። ደውዪላት፣ እታለም። ስለ ሸክላውም ስለ አባባም አታውሪ፤ ስለ ሚጢ ጥርስ አውሪያት።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ እንቅልፍ ይስጠው። ሚጢን ሁለቱን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አጎትሽ ነው በያት። እማማ ሰላም ትልሻለች፤ ወገብሽን ሞቅ ባለ ነገር እሰሪው፣ ከባድ አታንሺ ብላለች። ቲኬት ቆራጯም ሰላም በልልኝ ብላለች። ልብስ ሰፊው፣ ነርሷና ዳኛዋ በአካል አያውቁሽም፤ ግን ካወቁሽ ቆይተዋል፤ ሰላም ብለውሻል። አውቶቡሱ ላይ በወጣሁ ቁጥር «ልጅቷ ምን መለሰች?» ይሉኛል። እስካሁን «ጻፍኩላት» ብቻ ነው ያልኳቸው።

ጩጬው ወንድምሽ

ከአዲሱ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
እሁድ፣ ግንቦት 14 ቀን