በአንቴናው ላይ የሠራኸው የቆርቆሮ ቤት

ይድረስ ለወንድምጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ? የልጆቹ ሳል ለቀቃቸው? ከሁሉ በላይ የእማዬ ጉልበት እንዴት ነው? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ደሜ ግን ፈልቷል፤ ሰላምታውንም የጻፍኩት ያለ ሰላምታ ደብዳቤ ነውር ስለሆነ ብቻ ነው።

ትናንት ጣሪያ ላይ ወጥቼ የሰው አንቴና ስሰቅል ጎረቤታችን ሹፌሩ ከታች ጠራኝ። እማዬ፣ ልጄ ድምፄ ሰለቻት ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ብላ ልካዋለች። እኔ እኮ በየእሑዱ እደውላለሁ! አልገባ ሲለኝ መብራት ጠፍቶባችሁ መስሎኝ ነበር። አንተ ለካ ከተማ ገብታ ረሳችን ብለህ ነግረሃታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን ማን ይመልሰዋል?

ሹፌሩ በስልኩ ያነሳውን የቤታችንን ፎቶ ሲያሳየኝ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። የስልካችሁን መስመር የሚያመጣውን አንቴናዬን ዝናብ እንዳይመታው ብለህ ዙሪያውን በቆርቆሮ ገጥመህለታል! ቆርቆሮ ሠሪነትህን አከብራለሁ፤ ግን ለዶሮው ቆርቆሮ፣ ለቧንቧው ቆርቆሮ፣ ለውሻው ቆርቆሮ፣ አሁን ደግሞ ለአንቴናው? ስሰቅለው አጠገቤ ቆመህ መሰላሉን ይዘህልኝ ነበር። ዝናብ ምንም አያደርገውም፣ ሽፋኑ የተሠራው ለዚያ ነው ብዬህ ነበር። ኮረብታው ላይ አክስታችን ሱቅ ካለው አንቴና ጋር ፊት ለፊት መተያየት አለበት፣ ብረት ከጋረደው አለቀለት ብዬም ነበር። አንተም ራስህን እየነቀነቅክ እሺ አልክ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ!

ጭራሽ ትልቅ አንቴና ልትገዛ ነው አሉ። ወንድሜ፣ አንቴና ጉልበት አይፈጥርም። የእጅ ባትሪ መስታወት ብርሃኑን ወደ ፊት እንደሚሰበስበው፣ እሱም ያለውን ኃይል ወደ አንድ ወገን ይሰበስባል እንጂ። የፈለገ ቢተልቅ ከቆርቆሮ ጀርባ ምን ሊያይልህ ነው? ምንም አትግዛ። ቆርቆሮውን ንቀል፣ አንቴናውን ግን እንዳታዞረው።

የሰው ቤት ከሰው ቤት ሳገናኝ እየዋልኩ እናቴ በእኔ ማዘኗ አንጀቴን አቃጥሎታል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አንድ ቃል ሳትዘል ጮክ ብለህ ታነብላታለህ። አንተን ያልኩህንም ጭምር።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ እሷ እንኳ ዝም ባትል ጥሩ ነበር። ልጆቹን ሳምልኝ። አክስታችንን ከነሱቋ ሰላም በልልኝ።

እማዬ፣ እሱ ጉሮሮውን እየጠረገ ከሆነ እየዘለለ ነው፤ ከመጀመሪያው አስጀምሪው። ድምፅሽ ሰልችቶኝ አያውቅም። የለየን የልጅሽ ቆርቆሮ ነው።

ታናሽ እህትህ
ከመሥሪያ ቤቴ ዕቃ ክፍል፣ ሐምሌ ፲፪ ቀን