ተራራ ላይ «ደህና ነኝ» አይባልም

እትዬ አሰለፈች፣

ባለፈው ሳምንት እዚህ ኦስሎ ባቡሩ ኦከርን የሚባለውን ጣቢያ ሲያልፍ ከኋላዬ የተቀመጠች አንዲት የአገራችን ሴት ለጓደኛዋ፣ «የአበሻ ልብ ሐዘን እንጂ በሽታ አያውቅም» ስትላት ሰማሁ። ደስ አለኝ። ይህን ቀደም ብዬ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ልጄን የልብ ሐኪም ዘንድ ባላመላለስኳት ነበር እያልኩ እስከ ሰፈሬ እስከ ትሮስተሩድ ድረስ ራሴን ስወቅስ ሄድኩ።

ለመሆኑ አንቺ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዟችኋል? ይህን የምጠይቅሽ እንደ ወትሮው «ሁላችን ደህና ነን፣ ያንተ ናፍቆት ብቻ» እንድትይኝ አይደለም። ዘንድሮ ጤና የምጠይቀው መልሱን ፈልጌው ነው። ግራ እንደሚገባሽ አውቃለሁ፤ በቤታችን እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም። በእኔ በኩል ደህና ነኝ ብሎ ለመጻፍ እጄ ሄዶ ነበር፤ መለስኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ዮሐና ከጓደኛዋ ከማርያ ጋር ኔፓል ሄዳ በሂማላያ ተራሮች መካከል ለሁለት ሳምንት በእግሯ ልትጓዝ ተመዝግባለች። ማንም አላሳደዳትም፤ በፈቃዷ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ይህን ሳወራ አብሮኝ የተሰደደው በየነ፣ «ላዩ ላይ ገዳም አለ እንዴ?» አለኝ። የኛ ዓይነቱ የለም አልኩት። «ጸበልስ?» የለም። «ታዲያ ምን ልትሠራ ነው የምትወጣው?» አይታ ልትወርድ ነው ብዬ ብመልስለት፣ «እኛ እኮ ሱዳን ድረስ በእግራችን ስንገባ የመዘገበን አልነበረም» ብሎ ሻዩን ጨለጠ።

መሃል ከተማው፣ ሴንትሩም፣ የማጸዳው ቢሮ ውስጥ ያሉት ሰዎች ደግሞ አባቷ ደጋ የተወለደ ልጅ ተራራ ምን ያደርጋታል ብለው አጽናኑኝ። እኔ ከዚያ ደጋ ከወረድኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ እሷ የተወለደችው ባሕር ዳርቻ ነው። ከፍታ እንደ ርስት አይወረስም።

መሪያቸው ለዚህ ሥራ የተፈጠረ የሚመስል ጢማም ኖርዌጂያዊ ነው። ተጓዦቹን ከነወላጆቻቸው ሰብስቦ ማን ብቁ እንደሆነ እንዴት እንደሚለይ አስረዳን። እኔ ጡንቻ የሚለካ መስሎኝ ነበር። መንገዱ መካከለኛ ነው፣ ቦርሳ ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ ተራምዶ በማግስቱ የሚደግም ሰው ይበቃል አለ። የሚያስፈራው ከፍታው ነው፤ ራሱን ያመመው ሰው አንድ እርምጃ ወደ ላይ አይጨምርም፣ ካልተሻለው ይወርዳል። ቀጥሎም፣ «እኔ የምፈራው ደካማውን አይደለም። ማታ እንዴት ዋላችሁ ብዬ ስጠይቅ ሳያስብ ደህና ነኝ የሚለኝን ነው። እሱን ይዤ አልወጣም» አለ። እትዬ፣ በዚህ ሚዛን የኛ ቤተሰብ ከነዘመድ አዝማዱ ከተራራው ግርጌ ይቀር ነበር። እኔም ከሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት ስለ ተራራ የተጻፉ ሦስት መጻሕፍት ተውሼ አነበብኩ፤ በሦስቱም ውስጥ የሚሞተው ሰው ዋዜማውን ደህና ነኝ ብሏል።

ባለፈው ወር ለልምምድ ቦርሳቸውን ሞልተው ከከተማው በላይ ያለውን ዳገት ሲወጡ ዮሐና ዓይኗ ጭልም ብሎባት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። መሪው ሲጠይቃት፣ ከንፈሯ አመድ መስሎ፣ ደህና ነኝ አለችው። ዓይኗ መጨለሙን ነግራ ያጋለጠቻት ማርያ ናት። የዮሐና አማርኛ ሰባራ ነው፤ «ጓዳ» ስላት የማይገባት ልጅ፣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ስትል ግን የደብረ ብርሃን ባልቴት ትመስላለች። ከእኔ አጥርታ የወረሰችው ይህንኑ ነው።

መሪው ሐኪም ካላየሽ አልወስድሽም አላት። ሐኪሟ የልቧን ምት በማሽን አንስታ አየችው፤ አልተዋጠላትም። ወደ እኔ ዞራ ከቤተሰባችን በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ኔይ፣ የለም አልኳት። እውነቴን ነው፤ በኛ ቤት በድንገት የሞተ የለም፣ ሁሉም «ትንሽ አሞት» ነው የሞተው። ዮሐና ግን፣ «አባዬ፣ አጎቴ እንዳሻውስ?» አለች። ሐኪሟ እጇን ኮምፒውተሯ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። የገዛ ወንድሜ በምን እንደሞተ አላውቅም ለማለት ቋንቋ አልጠፋኝም፤ የጠፋኝ ፊት ነው።

እንዳሻው ሲሞት ለእኔ ጸበል ገብቷል ነበር ያላችሁኝ። በደወልኩ ቁጥር «ሰላም ብሎሃል» ትሉኝ ነበር። ሙት ወንድሜ ክረምቱን ሙሉ ሰላምታ ሲልክልኝ ከረመ፤ በሕይወት ካላችሁት ሁሉ ይበልጥ የሚያስታውሰኝ እሱ ነበር። በማለዳ በሬን አንኳኩተው መርዶ የነገሩኝን ሽማግሌዎች በምን ሞተ ብላቸው፣ እርስ በርስ ተያዩና «ያው ትንሽ አሞት ነበር» አሉኝ። በሰው አገር ብቻውን አይደንግጥ ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ደግነታችሁን አልክድም። ግን ያ ደግነት አሁን ልጄ ደረት ላይ ተቀምጧል።

ስለዚህ ጻፊልኝ። እንዳሻው የሞተ ዕለት ምን እየሠራ ነበር? ከዚያ በፊት ሲሮጥ ወይም ሲሸከም ዓይኑ ይጨልምበት ነበር? ደረቱን ይዞ አይታችሁት ታውቃላችሁ? አባታችንስ? እግዚአብሔር ያውቃል ብለሽ እንዳትጽፊ፤ ማወቁን አልጠራጠርም፣ ሐኪሟ ግን እሱን ጠርታ አትጠይቀውም። በስልክ ያልጠየቅኩሽ፣ የበሽታ ስም ሊነሳ ሲል ሁልጊዜ ኔትወርክ እንደሚጠፋ ስላወቅኩ ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ በየነ ራሱ ነው፤ መልስ ሳይቀበል ከደጃፍሽ እንዳይነሳ አስምዬዋለሁ። ጉዞው በጥቅምት መጨረሻ ነው። መልስሽ ሳይመጣ እንዳትሄድ ለምኛት «ያ፣ ያ»፣ እሺ እሺ ብላኛለች። ቦርሳዋ ግን ሞልቶ በሩ ሥር ቆሟል፤ ዛሬስ እንዴት ነሽ ስላት ምን እንደምትለኝ አንቺው ታውቂዋለሽ።

ለባለቤትሽ ለጋሼ ይድነቃቸው እጅ ነስቷል በይልኝ። ልጅሽን አይዳን ግንባሯን ሳሚልኝ። ወንድሟ ካሌብ አድጎ በር ሞልቷል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ሮጦ ሲመለስ የሚደክመው ከሆነ እሱንም ጠይቂው፣ ደህና ነኝ ቢልሽ ግን አትመኚው። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። በፋሲካ ስደውል ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች አላችሁኝ፤ በፍልሰታም ቤተ ክርስቲያን፣ በእንቁጣጣሽም ቤተ ክርስቲያን። እማዬ የአልጋ ቁራኛ ከሆነች ሦስት ዓመት አልፏታል።

ወንድምሽ አድነው
ኦስሎ፣ መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.