ጥንቸሏ አልተኛችም

ኅዳር 19
ጾም ገብቶ የበግ ገበያው ቀዝቅዟል። ደግነቱ የምርምር ጣቢያው ጥንቸል ይወስዳል። ማንም የማይበላው እንስሳ በጾም ያበላኛል... አዳዲስ ተመራማሪዎች አያያዝ ሊሠለጥኑ ነው አሉ። አሠልጣኟ ዶክተር ሸጊቱ «ነገ እርስዎም ይምጡ፤ እንስሶቹ ጠረንዎን ያውቃሉ» አለችኝ። እሄዳለሁ። ምን ሥራ አለኝ?
ከሰዓት ልጄን ሠርካለምን ለጋብቻ ሊጠይቁ የደባት ሽማግሌዎች መጡ። ልጁ እህል ነጋዴ ነው፣ አይሱዙ አለው። ለጥር ሠርግ ፈልገዋል። ሠርካለምን ጠርቼ ፊታቸው ጠየቅኋት። አንገቷን ደፋች። ዝም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሽ ሕሩይ፣ ሳቁ፦ «በቃ፣ ዝም ካለች እሺ ብላለች! እናቷስ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ለአንተ ስንጠይቃት እንዲሁ አልነበረች?»
ለቁርጡ ኅዳር 30 ይመለሳሉ። ጥሩ ልጅ ናት። አታስቸግርም።

ኅዳር 20
እንዳለው የሚባል ሠልጣኝ ጥንቸሏን በጆሮዋ አንጠልጥሎ አወጣት። «አንተንስ በጆሮህ ላንሳህ?» አለችው ሸጊቱ። ሳቁበት። አያያዙን አሳየችን፦ አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ አንዱ ከኋላ እግሮቿ ሥር። ካልደገፏት ስትፈራገጥ የገዛ ወገቧን ትሰብራለች። ይህን እኔም አላውቅም ነበር።
ከዚያ የገበያ ዘዴዬን አሳየኋቸው። በጀርባዋ አጋድሞ ሆዷን ማሻሸት። ወዲያው ጸጥ... ዐይኗ እንደተከፈተ። ገዢ ይህን ሲያይ «እንዴት ገራም ናት!» ይላል። ሠልጣኞቹ አጨበጨቡ። «ጋሽ ገሠሠ፣ መድኃኒት አለዎት እንዴ?» አለ እንዳለው።
ሸጊቱ አላጨበጨበችም። የልብ ማዳመጫዋን አውልቃ ጆሮዬ ላይ ሰካችው። «ይስሙ።»
ልቧ በሊማሊሞ ቁልቁለት ፍሬን የበጠሰ መኪና። እንደዚያ። ገላዋ ግን ንቅንቅ አላለም።
«አልተኛችም ጋሼ። አውሬ የያዛት መስሏታል። ማምለጫ ስታጣ እንዲህ ትሆናለች።»

ኅዳር 22
ስንቷን እንዲህ እያሳየሁ ሸጥኩ? መጠየቁ ምን ይጠቅማል።
ገበያ ውስጥ እግራቸው የታሰረ በጎች ዝም ብለው ተጋድመዋል። ጆሮዬን ልለጥፍባቸው ምንም አልቀረኝም። አበደ ይሉኛል።

ኅዳር 25
የዚያ ልብ ድምፅ አለቀቀኝም። ሚዛን አጠገብ ቆሜም እሰማዋለሁ።
ሠርካለም ምሳ አቀረበችና ቆመች። «አትበዪም?» «ጠግቤ ነው፣ አባዬ።» መቼ በላች? በፊት «በጉን በነጻ ሰጠኸው» እያለች ትሟገተኝ ነበር። ሽማግሌ ከመጣ ወዲህ...
አይ። ሰው ጥንቸል አይደለም።

ኅዳር 28
ሥልጠናው አለቀ። እንዳለው ጥንቸሏን ዐይኗን በክንዱ ሸፍኖ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ አወጣት። ሸጊቱን ለብቻዋ ጠየቅኋት፦ «ተገርታ ዝም ያለችውና ፈርታ ዝም ያለችው በምን ይለያሉ?»
«ይልቀቋትና ይዩ። የተገራችው ቆማ ሣሯን ትበላለች። የፈራችው ጥግ ትፈልጋለች።»

ኅዳር 30
ጠዋት ሠርካለምን እንዲህ አልኳት፦ «ዛሬ ዝም ካልሽ እምቢ ብለሻል ማለት ነው። ከፈለግሽው ተናገሪ።» ቀና ብላ አየችኝ።
ሽማግሌዎቹ መጡ። ጋሽ ሕሩይ ጠየቋት። አንገቷን ደፋች። ዝም። ሊመርቁ ሲነሡ «ልጄ እምቢ ብላለች» አልኩ።
«ምን? አንድ ቃል መች ተነፈሰች!»
«እኔ ሰምቻለሁ፣ ጋሽ ሕሩይ።»
ተቆጥተው ሄዱ። የደባት ገበያ ሊከፋኝ ነው። ይክፋ።
ሠርካለም ምሳ ይዛ መጣች። ዛሬ ተቀመጠች፣ በላች። «አይሱዙዋ ግን አሳዘነችኝ» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።
ድምፁ ይተወኛል ብዬ ነበር... አልተወኝም። እናቷም ለእኔ የተጠየቀች ዕለት እንዲሁ አንገቷን ደፍታ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። እንዴት ገራም ናት፣ ብዬ ደስ አለኝ።